አርባ ሦስት በአሥር

ከስልሳ ስታልፍ ታላዝን ጀመረች፤
እግሬን ሳነሳላት፣ ልጅ እንዳባበሉት፣ ወዲያው ዝም አለች።
ሦስት ወር ቻልኳት፣ ሬዲዮ ከፍቼባት፣
ጥፋቱን ለጣሳው፣ ለመንገዱ ጉድጓድ እየሰጠሁላት።

ገመቹ ግን ሰማ፣ ሱሉልታ መግቢያ ላይ፣ ከጋራዡ ቆሞ፤
"የኋላዋ አልቋል" አለኝ፣ ሞተር ሳላጠፋ፣ ሰላምታዬን ቀድሞ።

ቀኝ ጎኗን አነሳ። ክሪክ ብቻ አያምንም፤
የባሕር ዛፍ ግንድ ከስሯ አጋደመ፤
ጎማው ላይ በጠመኔ፣ ዘንጉ ላይ በጠመኔ፣ አንዳንድ መስመር አተመ።
"ግራው መሬት ይዟል። ቀኙን ሁለቴ አዙር፤ እኔ ዘንጉን ልቁጠር።"
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት ሊሞላ ሲል ቆመ መስመሩ፣ ትንሽ ሲቀር።
"ለምን ሁለቴ?" አልኩት።
"አንደኛው ከቆመ" አለኝ፣ ከስር ሆኖ፣
"ሌላው የሁለቱን ዙር ይዞራል፣ በራሱ ላይ ጭኖ።
ለዚሁ ነው የተሠራው።"
ጎማውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጎማው ቀዝቃዛ ነው።

ከዚያ ሆዷን ከፈተ፤
እንደ ሬንጅ የጠቆረ ቫልቮሊን ወደ ቆርቆሮው ተጎተተ።
ጣቱን ነክሮ አወጣ፣ ለፀሐይ አሳየኝ፤
የብረት ብናኝ ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አብለጨለጨብኝ።
"ይሄ ሁሉ ጥርስህ ነው።"
"የላዳዋ ነው እንጂ!"
"ያው ነው።"

ጆንያ ላይ ሁለት ዲፈረንሻል፣
አንዱ ቡራዩ ከታረደች ላዳ፣ አንዱ ከገላን የመጣ፤
ዝገቱን በካቻቢቴ ፋቀና ቁጥራቸውን አወጣ።
"አርባ አንድ በአሥራ አንድ፦ ይሄ ሯጭ ነው፤
የአዳማን ሜዳ ካገኘ ማን ያቆመዋል፤
እንጦጦ ላይ ግን፣ ከነወተትህ፣ በአንደኛ ማርሽ ያስለቅስሃል።
አርባ ሦስት በአሥር፦ ይሄ በሬ ነው። ይወጣል፤ አይቸኩልም።
ሜዳ ላይ ቤንዚን ይጠጣብሃል፤
ሚኒባስ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፈው አያፍርም።
ያንተ የድሮው ከሁለቱ መሀል ነበር።"
"እሱን ስጠኛ።"
"መሀሉ አልተገኘም።"

ላዳዋን ከወንድሜ ከሽመክት ጋር ነው አዋጥተን የገዛናት፤
ቀኑን እኔ፣ ሌሊቱን እሱ፣ ወንበሯ ሳይቀዘቅዝ ስንፈራረቅባት።
እሱ ቢሆን ሯጩን ነው፣ ዋጋ እንኳን ሳይጠይቅ፤
"ዳገት ለእግረኛ ነው" ይል ነበር፣
ያኔ፣ ክሪኩ ከመክዳቱ በፊት፣ ከስሯ ተኝቶ ብሎን ሳያጠብቅ።
አሁን ሁለተኛ ክረምቱ ነው፣ መስኮት ስር፣ አልጋ ላይ፤
ሌሊት ተነስቼ ጎኑን አዞረዋለሁ፣
ወደ ግድግዳ፣
ወደ መስኮት፣
ደግሞ ወደ ግድግዳ።

"በሬውን" አልኩት።

ገመቹ የሚስቱን የከንፈር ቀለም ከኪሱ አውጥቶ
ጥርሱን ቀባ፣ ቆጥቦ፣ አሳስቶ፤
ፒኞው ኮሮናውን የት እንደሚስመው ሊያይ።
አዞረ፤ አጎነበሰ፤ ጥርሱ መሀል ላይ ቀይ።
"ተስማሙ" አለና ብሎኑን አሰረ።
"አንድ ነገር ግን፦ የፍጥነት መርፌህ ከዛሬ ጀምሮ ይዋሻል፤
ከአሥር አንድ ያህል ጨምሮ ያወራል።"

በማግስቱ፣ በውርጩ፣ ስምንት ጣሳ ወተት፣
ከሙገር ሲሚንቶ መኪና ኋላ፣ በጭሱ ውስጥ፣ በሁለተኛ ወጣሁት።
አዲሱ ገበያ ክዳኑን ከፍተው
"በዚህ አካሄድህ ነገ ቅቤ ነው የምታመጣው" ብለው ሳቁብኝ፤
ይሳቁ። ዳገቱ ላይ አላላዘነችብኝ።

ማታ ስገባ ሽመክት በመስኮቱ፦
"ስንት ነካች?"
መርፌው ያለኝን አልኩት፦ "ሰማንያ።"
ዝም አለ።
ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ማርሼን በጆሮው ሲቆጥር ኖሯል።
"አርባ ሦስት በአሥር ናት" አለኝ። "ሰማንያ አትነካም።"
እኔም ዝም። ጣሳዎቹን አወረድኩ፣ አንድ በአንድ።
"ዳገቱስ?"
"በሁለተኛ።"
"ከነጭነቷ?"
"ከነጭነቷ።"
ጥቂት ቆየ፤ ብርድ ልብሱን በእጁ ሲጎትት ሰማሁት።
"እንግዲያው ነገ" አለ፣
"አንድ ጣሳ ቀንስና እኔን ጫነኝ።"